ቁም ሣጥን ውስጥ የቆየ ውኃ

መምህሩ ጠዋት ቤተ ሙከራውን ከፍተው ሲገቡ፣ ቦርሳቸውን እንኳ ከትከሻቸው ሳያወርዱ ጥግ ወዳለው መታጠቢያ ይሄዳሉ። ቧንቧውን ይከፍታሉ፤ እስከ ሃያ ይቆጥራሉ፤ ቀኝ መዳፋቸውን አጎድጉደው ጥቂት ውኃ ይቀበሉና ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ያሸቱታል። ከዚያ እጃቸውን አራግፈው ሰሌዳውን መጥረግ ይጀምራሉ። ሠላሳ አራት ዓመት እንዲህ ነው። “ምን ምን ይላል ቲቸር?” ስንላቸው፣ “ዛሬ እንኳ ምንም አይልም” ይሉናል። በማግስቱም መልሱ ያው ነው።

ኬሚስትሪ ነው የሚያስተምሩት። በተማሪው ዘንድ ስማቸው ጋሽ ጠብታ ነው። ከብልቃጥ ወደ ብልቃጥ ሲያንጠባጥቡ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፤ ክፍሉም አብሮ ይይዛል። አንዲት ጠብታ ከበዛች “በቃ፣ ሄደች” ብለው ሁሉንም ደፍተው ከመጀመሪያው ይነሣሉ። ቅጽል ስማቸውን ያውቁታል። አንድ ቀን አንዱ ልጅ ኮሪደር ላይ “ጋሽ ጠብታ መጡላችሁ!” ብሎ ሲጮኽ ሰምተው፣ “ጎርፍ ስላላላችሁኝ ተመስገን ነው” ብለውት አለፉ።

በዚህ ዓመት መጨረሻ ጡረታ ይወጣሉ። የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ለስንብቱ ስለ እሳቸው አንድ ነገር ጻፊ ስላሉኝ፣ ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ እየሄድሁ ቤታቸው ተቀመጥሁ። ባለቤታቸው ልብስ ሰፊ ናቸው። የሳሎኑን ግማሽ የስፌት መኪናቸውና የተቆረጠ ጨርቅ ክምር ይዞታል። መምህሩ የማያስደስታቸውን ነገር ሲያወሩ መኪናው ዝም ይላል፤ ባለቤታቸው ጆሯቸውን ሰጥተዋል ማለት ነው።

ጨዋታው ሁልጊዜ ወደ ውኃ ክበቡ ይመለስ ነበር።

ክበቡ ከተመሠረተ ዐሥር ዓመት ሊሆነው ነው። የጀመሩት ተማሪዎች ናቸው። በሌላ አገር፣ ሴቶች ግማሽ ቀን ተጉዘው ከደፈረሰ ወንዝ የሚቀዱበት አንድ መንደር እንዳለ ሰሙና “ጉድጓድ እናስቆፍርላቸው” አሉ። ገንዘቡ ከየት ይምጣ ሲባል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በትምህርት ቤቱ በር ላይ መኪና ለማጠብ ተስማሙ። እኔም ሁለት ዓመት ስፖንጅ ይዤ ጎማ ሳሽ ከርሜያለሁ። መምህሩ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው ከእኛ ጋር ባልዲ ያመላልሱ ነበር።

አላፊ አግዳሚው ይስቅብን ነበር። አንድ ባለታክሲ መኪናውን እያሳጠበ፣ “ለመሆኑ ለውኃ የምትለምኑት ውኃ እየደፋችሁ ነው?” አለን።

ሊቀመንበር የምንለው ልጅ አፉ አያርፍም። “ጋሼ፣ መጀመሪያ ይክፈሉ፣ ከዚያ እንከራከራለን” አለው።

“የእኛ ሰፈር ቧንቧ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እናንተ ናችሁ!” አለና ከፍሎ ሄደ። በሚቀጥለው ቅዳሜም መጣ።

ጉድጓዱ በአምስተኛው ዓመት ተቆፈረ። ያን ጊዜ እኔ ትምህርት ቤቱን ለቅቄ ነበር። የመንደሩ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር የምስጋና ደብዳቤ ላኩ፤ ከደብዳቤው ጋር የቆፋሪዎቹ የምርመራ ወረቀት ነበረ፤ “ንጹሕ፣ ለመጠጥ ተስማሚ” ይላል። ሌላም ስጦታ መጣ፤ ከጉድጓዱ የወጣው የመጀመሪያው ውኃ በአንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ተሞልቶ፣ ክዳኑ በሰማያዊ ጨርቅ ታስሮ። ተማሪዎቹ ቤተ ሙከራው ውስጥ ካለው ባለመስታወት ቁም ሣጥን አስገቡት። “ይህ የእኛ ውኃ ነው” የሚል ወረቀት ለጠፉበት። መምህሩ ቆለፉት። በየዓመቱ አዲስ ተማሪ ሲመጣ እየመሩ ያሳዩታል። “እይ፣ ግን አትንካ። ስጦታ ነው” ይላሉ።

እኚህ ሰው በዓመቱ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ሰሌዳው ላይ “ንጹሕ ውኃ” ብለው ይጽፉና “ከምን?” ብለው ይጠይቃሉ። “ከቆሻሻ” እንላለን። “ሌላስ ከምን?” “ከተውሳክ።” “ሌላስ?” ደወሉ እስኪደወል ድረስ “ሌላስ?” ነው። ንጹሕ የሚባል ነገር ብቻውን የለም፤ ከአንድ ነገር ነው የሚነጻው፤ ከምን እንደሆነ ካልጠየቃችሁ አልተማራችሁም ይሉን ነበር።

ሦስት ዓመት ሙሉ ያን ጠርሙስ ከምን ብለው አልጠየቁትም።

የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። ክበቡ በጎረቤቱ መንደር ሁለተኛ ጉድጓድ ለማስቆፈር ገንዘቡን አሟልቶ ሊልክ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። የዕለቱ ትምህርት ውኃ ውስጥ ያለ ፍሎራይድ መለካት ነበር። ቀይ መድኃኒት ይጨመራል፤ ፍሎራይዱ በበዛ ቁጥር ቀዩ እየነጣ ይሄዳል። ተማሪው ሁሉ ከየቤቱ ውኃ ይዞ መጥቷል። ጥያቄ ስለምታበዛ “ለምን” የሚሏት አንዲት ልጅ ግን ረስታ መጣች።

“ቲቸር፣ ከቁም ሣጥኑ ትንሽ ልውሰድ?”

ክፍሉ ሳቀ።

“ስጦታ አይመረመርም” አሉ መምህሩ።

“ለምን?”

“ሠላሳ ዓመት ‘ለምን በሉ’ እያልኩ አስተምሬ፣ ልጅቷ ለምን ስትለኝ መልስ አጣሁ” አሉኝ። ቁልፉን አውጥተው ከፈቱላት።

የሌሎቹ ሁሉ ቱቦ ቀይ እንደሆነ ቀረ። የእሷ ብዙ ጊዜ እንደታጠበ ጨርቅ ነጣ። መምህሩ ጠብታ አብዝታለች ብለው አስደፏትና እንደገና ለካች። ያው። ሦስተኛውን ራሳቸው ትንፋሻቸውን ይዘው ለኩት። ያው ነው። መሆን ከሚገባው አራት እጥፍ።

“ዕቃ እጠቡና ውጡ” አሏቸው። ልጅቷ ጥፋት የሠራች መስሏት በር ላይ ቆማ፣ “ቲቸር፣ ተሳሳትኩ እንዴ?” አለች።

“አንቺ አልተሳሳትሽም።”

ፍሎራይድ አይሸትም፣ ጣዕምም ቀለምም የለውም። ጥቂቱ ጥርስ ያጠነክራል። ብዙው በዓመታት ውስጥ ጥርስ ያበልዛል፤ ሲቆይ አጥንት ያጎብጣል። ከሁሉ የሚጎዳው ቋሚ ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ እየተሠራ ያለ ልጅ ነው። መምህሩ ቤታቸው ሄደው የቆፋሪዎቹን ወረቀት አውጥተው ደግመው አነበቡት። የተመረመረው ተውሳክ ብቻ ነበር። “ንጹሕ ይላል። ወረቀቱ አልዋሸም” አሉኝ። “ያልጠየቅኩት እኔ ነኝ።”

የስፌት መኪናው ዝም ብሎ ነበር። “ያ ባለታክሲ ተረቱን ገለበጠው” አሉ ባለቤታቸው ክር በጥርሳቸው እየበጠሱ። “የሰው እያረረ የራስህን ስታማስል ነው የኖርከው።”

“እሺ፣ አንቺ ሴትዮ።”

“ሻይህን ጠጣ፣ ቀዘቀዘ።”

በማግስቱ ክበቡን ሰብስበው ነገሩት። አርባ ስድስት ልጆች ነበሩ። የዚያ ዓመት ሊቀመንበር፣ የድሮው ሊቀመንበር ታናሽ ወንድም፣ አፉም እንደ ወንድሙ ነው፤ መጀመሪያ ተነሣ።

“ቲቸር፣ ሁለተኛውን ጉድጓድ እንጨርስና በኋላ እንንገራቸው። አሁን ከተወራ ማን መኪናውን ያሳጥበናል?”

“እስከዚያ ልጆቹ ምን ይጠጡ?” አለች “ለምን”።

“ውኃ ነዋ! ከወንዙ አይሻልም?”

አንድ ሁለቱ ሳቁ፤ መምህሩ ግን አልሳቁም። ልጁ እውነቱን ነበር። ጉድጓዱን ዝጉ ቢባሉ ሕዝቡ ወደ ወንዙ ሊመለስ ነው፤ የወንዙ ውኃ ደግሞ በተቅማጥ ሕፃን ይገድላል። ሰሌዳው ላይ እየጻፉ አስረዷቸው፤ ለአዋቂው ለጊዜው ጉድጓዱ ይሻላል፤ ከስምንት ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን ሌላ ውኃ መገኘት አለበት። የመንደሩ ትምህርት ቤት የቆርቆሮ ጣሪያ አለው። አሸንዳ ተሠርቶለት የዝናቡ ውኃ በታንከር ቢጠራቀም ለልጆቹ መጠጥ ይበቃል። የሁለተኛው ጉድጓድ ገንዘብ ለዚህ ይዋል አሉ።

ድምፅ ሲሰጥ በሦስት ድምፅ ብልጫ አለፈ። በሚቀጥለው ቅዳሜ መኪና ለማጠብ የመጡት ዐሥራ አንድ ናቸው። “ለአሸንዳ ብሎ እጁን የሚያሻክር የለም” አሉኝ መምህሩ፤ ቅሬታ አልነበረባቸውም፤ ድካም ነበረባቸው። ሊቀመንበሩ ሦስት ሳምንት ቀረ። በአራተኛው መጣና ማንንም ሳያናግር ስፖንጅ አነሣ።

ለመንደሩ ማስታወቅ ግን ሳምንታት የሚጠብቅ ነገር አልነበረም። ዳይሬክተሩ ጋ ሲደወል ስልኩ አይነሣም፤ ትምህርት ቤቱ ለዕረፍት ተዘግቷል፤ ደብዳቤ ወር ይፈጃል። በየቀኑ የሚጠጣ ልጅ አለ። መምህሩ ስብሰባው በተደረገ በአራተኛው ቀን ተነሡ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ መንገዱ በአውቶቡስ ሁለት ቀን ነው።

“በሃምሳ ስምንት ዓመትህ ደግሞ አገር ማየት አማረህ?” አሏቸው ባለቤታቸው፣ ሹራብ ወደ ቦርሳቸው እየጨመሩ።

“ሌላ ማን ይሂድ?”

“ማንም። ዞር ብለህ ተቀመጥ፣ ጉልበትህን ልሽልህ ነው የምልህ።”

ሁለቱን ቀን በአውቶቡሱ መስኮት እያዩ የሚናገሩትን ሲያዘጋጁ ሄዱ። አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር፤ እያሳጠሩ እያሳጠሩ ስድስት ቃል አደረሱት። “ይህን ውኃ ለትንንሽ ልጆች አትስጡ፣ ይጎዳቸዋል።”

በደረሱበት ቀን ሳይሆን በማግስቱ ጠዋት፣ ከቤታቸው ተፈልገው የተገኙት ዳይሬክተር እያስተረጎሙላቸው፣ በትምህርት ቤቱ ጣሪያ ጥላ ሥር ለተሰበሰቡት ወላጆች ነገሯቸው። ማንም አልጮኸም። አንድ ሰውዬ ብቻ ተነሥቶ፣ “ታዲያ መልሳችሁ ልትወስዱት ነው?” ብሎ ጠየቀ። መምህሩ “አይደለም” አሉ። ከዚያ ስለ አሸንዳው አወሩ፤ ጣሪያውን በገመድ ለኩ።

ታንከሮቹ ከዝናቡ በፊት ተተከሉ። አሁን በየሦስት ወሩ ከዚያ አንድ ጠርሙስ ይመጣል። የምትለካው ያቺው “ለምን” ናት፤ እሷም ዘንድሮ ትጨርሳለች። ቀዩ ቀይ እንደሆነ ይቀራል። መንደሩ ውስጥ ከስምንት ዓመት በታች ያሉት ሁሉ ከታንከሩ ይጠጣሉ ይባላል። “ይባላል” ያሉት እሳቸው ናቸው፤ “ይጠጣሉ” ብለሽ አትጻፊ አሉኝ።

“ደግ ሥራ ያደክማል እንዴ ቲቸር?” ብዬ ጠየቅኋቸው።

“ያደክማል። እንደ ማንኛውም ሥራ።”

በሦስተኛው ቀን የጻፍሁትን አነበብሁላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ስለ ቁም ሣጥኑ የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ አውጪው ይሉኛል ብዬ ፈርቼ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። “ከፍ አድርገሽ አንብቢው” አሉኝ። ስጨርስ ዓይናቸውን ገልጠው፣ “ሁሉም እንዳለ ይቆይ፤ ስንፍናዬም ይግባ። የደረስኩበትን ቀን ግን ዝለዪልኝ። በማግስቱ ነገርኳቸው፣ በቃ። ከዚያ በፊት ያለውን አታንሺ” አሉኝ።

የስፌት መኪናው ዝም አለ። እሺ አልኋቸው።

የደረሱት ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ነው። ለጉድጓዱ ቅርብ ከሆነው ቤት አንዲት አሮጊት ወጥተው እጃቸውን ይዘው አስገቧቸው፤ ውኃ ከሰጡን ሰዎች አንዱ መጣ ተብሎ ተነግሯቸዋል። ራሳቸው ሄደው ቀድተው በብርጭቆ አቀረቡላቸው። መምህሩ ግማሹን ጠጡ። ቀዝቃዛ ነበር። ዳይሬክተሩ “እንዴት ነው ይላሉ?” ብለው አስተረጎሙ። “ጣፋጭ ነው” አሉ መምህሩ። አሮጊቷ በደስታ ሳቁና ቀሪውን ቀሚሳቸውን ይዛ ለቆመችው የልጅ ልጃቸው አቀበሏት። አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ የወተት ጥርሷ አንዱም አልተነቀለም። ስድስቱ ቃል መምህሩ አፍ ላይ ነበር። ልጅቷ በብርጭቆው ጠርዝ እያየቻቸው እስከ መጨረሻው ጠጣችው፤ ባዶውንም ለእሳቸው መለሰችላቸው፤ እሳቸውም በሁለት እጃቸው ተቀበሏትና “ጎበዝ” አሏት።