ዘፈናችንን በፍላሽ ይዤ

ጠዋት 1፡00፣ አዲሱ ገበያ

ጥር እያለቀ ነው። ከጾሙ በፊት ያልተሰማ የጭፈራ ዘፈን ደግሞ እስከ ፋሲካ የሚያስታውሰው የለም። እኔና ጫልቱ ስድስት ወር የለፋንበት ነጠላ ዜማ ገና ከስቱዲዮ አልራቀም። እኔ አቀናብሬ በአማርኛ ዘፈንኩ፤ እሷ ሰበታ ፋብሪካ እየሠራች፣ በእረፍት ቀኗ እየመጣች በኦሮምኛ ተቀበለችኝ። በኢንተርኔት እንዳንለቀው፣ የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ረብሻ ከተነሣ ወዲህ ኔትወርኩ ሲመጣና ሲሄድ ይውላል። ስለዚህ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ስልክ ላይ ሙዚቃ ለሚጭኑ ሱቆች በእጄ ላድል ተነሣሁ። እነሱ በሞንታርቦ ከከፈቱት ከተማው ሰማው ማለት ነው።

ፒያሳ የሚያደርሰኝ የሰፈራችን ታክሲ ሹፌር ታምሩ አንድ ፍላሽ ተቀበለኝ። ከፍ አድርጎ እንዲከፍተው ለመንኩት። ኪሱ ከተተውና ስለ ቤንዚን ወረፋ ያወራልኝ ጀመር።

4፡00፣ ሰበታ

ዓለም ገና ላይ ለፍተሻ አስወረዱን። ፈታሹ ፍላሾቹን አንድ በአንድ አውጥቶ ምን እንደሆኑ ጠየቀኝ። ዘፈን ነው አልኩት። ምን ዓይነት ዘፈን? የጭፈራ። ትክ ብሎ አየኝና ለቀቀኝ።

ጫልቱ ፈቃድ ወስዳ ጠበቀችኝ። አንድ ምኞት አላት፤ መንገድ ዳር ቆማ ድምጿን ከሱቅ ሞንታርቦ መስማት። ዛሬ ግን ዝም ብላለች። የሥራ ድካም መሰለኝና ስለ ስድስት ወራችን እየተነጫነጭኩ ወደ ኦቦ ቶለሳ ሱቅ ወሰድኳት።

ሽማግሌው በጆሮ ማዳመጫ ሰሙት፤ ወደዱት፤ ሰው ስልክ ላይ እንደሚጭኑትም ነገሩኝ። ሞንታርቦውን ግን አልነኩም። ከሱቁ ጀርባ ድንኳን ተተክሏል። በረብሻው ልጅ የሞተበት ቤት ነው። ለቅሶ ባለበት ሰፈር ሙዚቃ እንደማይከፈት አውቃለሁ፤ እያወቅሁ ግን ተናደድኩ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዝቅ አድርገው ብዬ ለመንኳቸው። ጫልቱ «ገለቶማ፣ ኦቦ» ብላ አመስግና እጄን ይዛ አወጣችኝ።

7፡30፣ ቡራዩ

ከሰበታ ቡራዩ ቀጥታ ታክሲ የለም፤ አዲስ አበባ ተመልሶ እንደገና መውጣት ነው። ከአስኮ ወዲያ ደግሞ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ ከጫልቱ ጋር በእግር አዘገምን። የጫማዬ ሶል ተገነጠለ። ስንደርስ በረብሻው ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው። ከአንዲት ሴት ሁለት ዳቦ ገዝተን ደረቁን እየበላን ተመለስን። በመንገዱም በድንጋዩም በራሴም ተቃጥያለሁ።

9፡30፣ ሱሉልታ

እንጦጦን አልፈን ወረድን። ብርድ ነው፤ ድርቆሽ የጫኑ አይሱዙዎች ይመላለሳሉ። እዚህ ሱቁ ተከፍቷል፤ በሩ ላይ ቁመቴን የሚያህል ሞንታርቦ ቆሟል። ባለሱቁ ገና መግቢያውን እንደሰማ «ይሄማ ሰርግ ያደምቃል» አለና ድምፁን ሊለቀው ሲል ጫልቱ እጇን ማጉያው ላይ ጫነች።

«ተይ እንጂ፣ እዚህ እኮ ለቅሶ የለም» አልኳት።

«የሞተው ልጅ አብረን ፊደል የቆጠርን ነው። እናቱ ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ እኔ ሱሉልታ ላይ ልጨፍር?»

«ጠዋት ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስድስት ወር፣ ስድስት ወር ስትል እንዴት ብዬ ልንገርህ።»

አፈርኩ። ባለሱቁ ፍላሹን ነቅሎ መለሰልኝ።

11፡00፣ አዲሱ ገበያ

እስከ ፒያሳ ልሸኛት አብሬያት ታክሲ ገባሁ። የታምሩ ታክሲ ነው። ሲያየኝ ፈገግ ብሎ ፍላሹን ከኪሱ አወጣና እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገው። የጫልቱ ድምፅ ታክሲውን ሞላው። ከኋላ ያሉ ተሳፋሪዎች ትከሻቸውን ማንቀሳቀስ ጀመሩ። ቀኑን ሙሉ የለመንኩት ይሄንኑ ነበር። እሷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ታምሩ፣ ዝጋው» አልኩት።

«ጠዋት ከፍ አድርገው ያልከኝ አንተ አይደለህ እንዴ?»

«ጠዋት ሰበታን አላየሁም ነበር።»

ዘጋው። ተሳፋሪዎቹ አጉረመረሙብኝ። ጫልቱ ፒያሳ ስትወርድ እጄን ጨበጥ አደረገችው።

ቤቴ ስገባ እግሬ አብጧል። የቀሩትን ፍላሾች መሳቢያ ውስጥ ከተትኳቸው። ጉዞው አዲስ ነገር አላስተማረኝም፤ ጎረቤት ሲያለቅስ ሙዚቃ እንደሚዘጋ ከልጅነቴ አውቃለሁ። ጉርብትናዬ እስከ ሰበታ ድረስ መሆኑን ግን ሦስት ከተማ ዞሬ ነው ያወቅኩት።