አባባ እንግዳቸውን ግፊት የለኩ ቀን

አባባ ደም ግፊት እንዳለባቸው ያወቁት ከአገር ቤት ሲልቨር ስፕሪንግ እኔ ጋ ከመጡ በኋላ ነው። ካውንቲው፣ የአካባቢው አስተዳደር ማለት ነው፣ ከአንድ የግል ኩባንያ ጋር ሆኖ ለአረጋውያን የግፊት መለኪያና ታብሌት ያድላል ሲባል ሰምቼ አስመዘገብኳቸው። መለኪያውን ክንዳቸው ላይ አስረው ሲጫኑት ውጤቱ በታብሌቱ በኩል ቀጥታ የፕሮግራሙ ነርስ ጋ ይደርሳል። አልፎ አልፎም በአስተርጓሚ በቪዲዮ ታነጋግራቸዋለች፤ አባባ ለዚያ ከረባት ያስራሉ።

«አባባ፣ ነርስ እኮ ናት» ስላቸው፣

«መንግሥትም ኩባንያውም እያዩኝ በፒጃማ ልቅረብ?» ይላሉ።

አንድ ቀን ሥራ ላይ ሆኜ ነርሷ ኮል አደረገችኝ። «የአባትሽ ግፊት በጣም ከፍ ብሏል፤ ስደውል አያነሱም።» መኪናዬን አስነስቼ በረርኩ። በሩን ስከፍት አባባ ደህና ናቸው። አጠገባቸው ከወንዙ ማዶ ካለችው ከአሌክሳንድሪያ ሊጠይቋቸው የመጡት አብሮ አደጋቸው እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ መለኪያው ክንዳቸው ላይ ታስሮ ተቀምጠዋል።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?»

«እንግዳ ነዋ! ቤት ያፈራውን አቀረብኩለት» አሉ አባባ።

መሳቅም መቆጣትም አማረኝ። ለነርሷ መልሼ ደውዬ ነገርኳት። እሷ ግን አልሳቀችም። «ትንሽ ይረፉና እንደገና ይለኩ» አለች። ተለኩ፤ ያው ነው።

«ጋሼ፣ ሐኪም ካዩ ቆዩ?» አልኳቸው እንግዳውን።

«ምኔን አሞኝ ነው የማየው? ራሴን ትንሽ ከሚወቅረኝ በቀር ደህና ነኝ።»

ነርሷ ይህን ስትሰማ አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው አለችኝ። ወሰድኳቸው። ሐኪሙ ከመረመራቸው በኋላ መድኃኒት ጀመረላቸው፤ «ባይመጡ ኖሮ ስትሮክ ሊመታቸው ይችል ነበር» አለን። አባባ የጓደኛቸውን እጅ ይዘው እስክንወጣ አልለቀቁም።

በሚቀጥለው የቪዲዮ ቀጠሮ አባባ በአስተርጓሚው በኩል ለጓደኛቸውም መለኪያ ጠየቁ። ነርሷ ፕሮግራሙ ለካውንቲው ነዋሪ ብቻ መሆኑንና አሌክሳንድሪያ ግን ሌላ ግዛት፣ ቨርጂኒያ ውስጥ እንደሆነ አስረዳቻቸው።

«ወንዙን ሲሻገር ደሙ ይለወጣል?» አሉ አባባ። አስተርጓሚው ራሱ ሳቁ አመለጠው። ነርሷ ግን በዚያው ሳምንት ለጋሼ እዚያው በሰፈራቸው ተመሳሳይ መለኪያ የሚሰጥ ክሊኒክ ፈለገችላቸው።

አሁን ጠዋት ጠዋት እየተደዋወሉ የማን ግፊት እንደወረደ ይፎካከራሉ። ትናንት አባባ ተሸነፉ፤ ሽሮው ጨው በዝቶበት ነው ብለው በኔ አሳበቡ።