ዓይናዲስና የተሰረዙት የብልባላ ሰዎች

ዓይናዲስ ቢተው ስትቆጣ ድምጿ ከፍ አይልም፤ ይልቁንም ዝቅ ይላል። ይህን የላሊበላ ሰው ከልጅነቷ ጀምሮ ያውቃል። የአራተኛ ክፍል ተማሪ ሳለች የክፍል አለቃው ያለ ጥፋቷ ስሟን ከረባሾች ጋር በሰሌዳው ላይ ጻፈው። ዓይናዲስ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። አጠገቡ ሄዳ በጆሮው አንድ ነገር ነገረችውና ልጁ ስሟን በራሱ እጅጌ ጠረገው። ምን እንዳለችው እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገረም።

አባቷ መሪጌታ ቢተው ብራና ጸሐፊ ነበሩ። ከዳገቱ በላይ ባለችው ቤታቸው ደጅ ሁልጊዜ የተወጠረ የፍየል ቆዳ አይጠፋም ነበር። በዚያን ዘመን ከትምህርት ቤት ስንመለስ እዚያ ቆመን ቀለሙ ሲበጠበጥ፣ መቃው ሲቀረጽ ማየት ደስ ይለን ነበር፤ ማንም አይቸኩልም። መሪጌታ የተሳሳተ ቃል ለመፋቅ ሲነሡ ምላጩን አስቀድመው በቁራጭ ቆዳ ላይ ይሞክሩታል። ስለቱ ከበዛ ብራናውን ይበሳዋልና። ቀጥለው የሚፋቀውን ቃል ጮክ ብለው ያነቡታል። ከዚያ በኋላ ብቻ እጃቸውን ያሳርፋሉ።

"አባባ፣ ለሚጠፋ ቃል ይህን ያህል መጨነቅ ምንድን ነው?" ብላ ጠየቀቻቸው አንድ ቀን።

"የጻፍሁትንማ ነገ ተመልሼ አየዋለሁ፤ ከተሳሳትሁም አርመዋለሁ። የፋቅሁትን ግን የት አገኘዋለሁ?" አሏት።

ዓይናዲስ ወልድያ ሄዳ ኮምፒውተር ተማረች። ስትመለስ የገብስ ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር ቀጠራት። ማኅበሩ ከፍላቂት እስከ ብልባላ አባላት አሉት፤ አባል የሆነ ሰው በየዓመቱ ዘር በሚዘራበት ወራት ምርጥ የገብስ ዘር ይወስዳል። ድሮ ስሙ በወረቀት ነበር፤ እርሷ ሁሉንም ወደ ኮምፒውተር አስገባችው። ከዚያ ወዲህ ስሙ በሲስተሙ የሌለ ሰው ዘር አይሰጠውም።

ባለፈው ዓመት አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጡ፤ አቶ ምስክር ይባላሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ችኩል ነበሩ። የሞቱና ከአገር የወጡ ሰዎች ስም ሳይሰረዝ እየቀረ፣ በስማቸው ሌላ ሰው ዘር እየወሰደ መሆኑን ደረሱበት፤ ይህ እውነት ነበር። ሶፍትዌሩን የሠሩትን ሰዎች ጠይቀው አንድ ትእዛዝ አስገቡ፦ ለአምስት ዓመት ዘር ያልወሰደ አባል ማንም ሳይነካው፣ ሲስተሙ በራሱ ፈልጎ ከነማስረጃው ይሰርዘው።

"ሐሙስ እንጀምረዋለን" አሏት።

"መጀመሪያ በግልባጩ ላይ እንሞክረው" አለች ዓይናዲስ።

"ምኑን ነው የምንሞክረው? የሠሩት ሰዎች ሞክረውታል።"

"እነሱ የሞከሩት በራሳቸው መረጃ ነው፣ በእኛ ሰው አይደለም። የመረጃውን ግልባጭ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ላስቀምጠው። እዚያ ላይ ትእዛዙ ምንም ሳይሰርዝ፣ ሊሰርዛቸው ያሰባቸውን ስሞች ብቻ ያውጣልን። ስሞቹን አይተን፣ ትክክል ከሆነ ያን ጊዜ ይሰርዝ።"

"ስንት ቀን ይፈጃል?"

"አንድ ሳምንት ይስጡኝ።"

አቶ ምስክር ሳቁ። "አንቺ ኮምፒውተሩንም እንደ አባትሽ ብራና ልታደርጊው ነው። ተቆጣጣሪዎች ሰኞ ይመጣሉ፤ ንጹሕ መረጃ ነው የሚጠይቁኝ።"

"እኔ አላስጀምረውም" አለች፤ ድምጿ ዝቅ ብሎ ነበር። እርሳቸው ግን ገና አዲስ ስለ ነበሩ ይህን ምልክት አያውቁትም። ሐሙስ ማታ ሁሉም ከወጣ በኋላ በራሳቸው የይለፍ ቃል አስጀመሩት።

ዓርብ ጠዋት ከዘር መስጫው መስኮት ፊት የመጀመሪያዋ ተሰላፊ ባንችይርጋ ነበረች። ከብልባላ አህያዋን እየነዳች ገና ሳይነጋ ተነሥታ ነው የመጣችው። ባሏ ሰጠኝ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ሞቶባት፣ አባልነቱ በግንቦት ወር ወደ ስሟ ተዛውሮላት ነበር። የሟቹ ወንድም ደግሰው ግን ብቻዋን ማረስ አትችልም ብሎ መሬቱን ይፈልገዋል። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ዘንድሮ ማሳውን ራሷ ከዘራችው የእርሷ ነው፣ ጦም ካደረ ግን ደግሰው ይረሰው ብለው ነበር የተለያዩት። ደግሰው ያን ዕለት እርሱም የራሱን ዘር ሊወስድ መጥቶ ከኋላዋ ቆሟል።

ዘር የሚያድለው አለሜ ስሟን ጻፈ፤ ደግሞ ጻፈ።

"እትዬ፣ የሉም" አላት።

"ማን ነው የሌለው?"

"እርስዎ። ስምዎ የለም።"

"ያን ጊዜ እዚሁ ቆሜ አይደለም እንዴ ዓይናዲስ ያስገባችልኝ? የሰጠኝን ስም እየው እስቲ።"

"እሱም የለም።"

"እሱስ ሞቷል፤ የለም ብትለኝ እውነትህን ነው። እኔን ማን ገደለኝ?"

ቀጥሎ የቆመው ሰው ስም ተፈለገ፤ የለም። የሦስተኛውም የለም። ከሰልፉ አንዱ "ጠቅላላ ብልባላ ሞቶ አድሯል። ለቅሶ እንኳ የሚደርስልን የፍላቂት ሰው ብቻ ነው" አለ፤ ሰውም ሳቀ። ባንችይርጋ አልሳቀችም። ደግሰው አንገቱን አስግጎ፣ "እንግዲህ ሲስተሙ ካላወቀሽ እኔ ምን ላድርግ፣ የወንድሜ ሚስት" አላት።

ዓይናዲስ ጩኸቱን ሰምታ ገባች። ኮምፒውተሩን ስትከፍተው የፍላቂት ሰዎች እንዳሉ አሉ፤ የብልባላ ገጽ ነጭ ነው። ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ አልፈጀባትም። የፍላቂቱ መዝገብ ያዥ ዘር የተወሰደበትን ቀን ሲያስገባ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የብልባላው ግን እንደ ማናችንም በሀገሩ አቆጣጠር ነው የሚጽፈው። ሲስተሙ የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው። ስለዚህ የብልባላ ሰው አምና በሰኔ የወሰደው ዘር የዘጠኝ ዓመት ታሪክ መስሎ ታየው፤ አምስት ዓመት አልፎታል ብሎም ሰረዘው። በግልባጩ ላይ ሞክረው ስሞቹን ቢያወጡ ኖሮ ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ሲወጣ ዐይን ያለው ሁሉ ያየው ነበር።

ወደ አቶ ምስክር ቢሮ ገባች። "ብልባላን አጥፍተዋታል" አለቻቸው።

"ባክአፕ አለ አይደል? ከመጠባበቂያው መልሺው እንጂ፤ ምን ፊትሽን ታጠቁሪብኛለሽ?"

ዓይናዲስ ወደ ኮምፒውተሯ ተመለሰች። መጠባበቂያ ቅጂው በየማታው በራሱ ይቀመጣል፤ በየማታውም "ተከናውኗል" ይላታል። አንድም ቀን ግን እስኪ ይመለስ እንደ ሆነ ብላ ከፍታ አልሞከረችውም። አሁን ስትከፍተው የመጨረሻው ቅጂ የፋሲካ ሰሞን ነበር፤ ማስቀመጫው ሞልቶ፣ ከዚያ ወዲህ ምንም ሳያስቀምጥ ሲዋሻት ከርሟል። ያን ጊዜ ቁጣዋ ወደ ራሷ ዞረ። የአባቷ ምላጭ ትዝ አላት፤ እርሷ የሌላውን ምላጭ ስትፈራ የራሷን አልፈተነችም።

እስከ ምሳ ድረስ የብልባላን ሰዎች መለሰች። ሰው ሁሉ ዘሩን ተሸክሞ መሄድ ጀመረ፤ ከፋሲካ በኋላ የተደረገው ግን አልተመለሰም። ሰጠኝ እንደ ገና በሕይወት ያለ አባል ሆኖ ተመዘገበ፤ ባንችይርጋ አልነበረችም።

"ይኸው" አለ ደግሰው፣ "የሞተው ተነሣ፣ ያለችው ቀረች።"

አቶ ምስክር ወደ መስኮቱ መጡ። "በሟች ስም ዘር አይወጣም። የወራሽነት ማስረጃዋን ከወረዳ እንደ ገና ታምጣ" አሉ።

"እስከዚያ ዘሩ የሚገባበት ጊዜ ያልፋል" አለች ባንችይርጋ። "ማሳዬ ጦም ካደረ ለማን እንደሚሆን ይኸው ከኋላዬ ቆሟል።"

"ደንብ ነው፣ እትዬ።"

ዓይናዲስ በአቶ ምስክርና በመስኮቱ መካከል ገብታ ቆመች። "ያጠፋናት እኛ ነን" አለች። ድምጿ እጅግ ዝቅ ስላለ ሰልፉ ሁሉ ለመስማት ጸጥ አለ። "እርስዎ ሳይሞክሩ ሰረዙ፤ እኔ ሳልሞክር አስቀመጥሁ። እርሷ ምን አደረገች? እኛ በጥድፊያ ላጠፋነው እርሷ ወረዳ ለወረዳ ትንከራተት?"

"ታዲያ በምን አምነን እንስጣት?"

በእኛ አገር ሟች አርባው ሲወጣ፣ ተዝካሩ ላይ፣ ቄሱ ከጸሎቱ በኋላ ወራሹን በስሙ ጠርተው ያስቆሙታል። የሚቃወም ካለ እዚያው፣ ከማዕዱ ሳይነሣ ይናገራል። ያን ጊዜ ዝም ብሎ በልቶ የሄደ ሰው ኋላ ክርክር ቢያነሣ ሰሚ የለውም። ማኅበሩም ከጥንት ጀምሮ ይህን ምስክርነት ይቀበላል። ዓይናዲስ ወደ ደግሰው ዞረች።

"ጋሽ ደግሰው፣ የወንድምዎ ተዝካር ላይ ነበሩ?"

"የት ልሄድ? ወንድሜ አይደለም?"

"ቄስ አረጋ ማንን ጠርተው አስቆሙ?"

ደግሰው ወደ አህያዪቱ ተመለከተ። ሰልፉ ውስጥ የነበረች አንዲት ሴት፣ "ጠላውን አስታውሶ ስሙን ረስቶት ይሆናል" አለች።

"እሷን ነው" አለ በመጨረሻ።

"ተቃወሙ?"

"አልተቃወምሁም።"

ዓይናዲስ ወደ አቶ ምስክር ተመለሰች። "የሰሙት የብልባላ ሰዎች እዚሁ ቆመዋል። የማንን ቃል ይፈልጋሉ?"

አቶ ምስክር እስክሪብቶ ጠይቀው ዘሩ ይሰጣት ብለው ፈረሙ፤ አለሜም ዘሩን መዝኖ በአህያዋ ጫነላት። ባንችይርጋ ስትሄድ ዓይናዲስን፣ "ደግመሽ እንዳትገድይኝ፣ ልጄ" አለቻት።

ትእዛዙ አልተጣለም። ዓይናዲስ ግልባጭ ሠርታ፣ በዚያ ላይ የሌሉ ሰዎችን ፈጥራ አስገባች፤ አንዱ ሞቷል፣ አንዱ አገር ለቋል፣ አንዱ አምና በሀገሩ አቆጣጠር ዘር ወስዷል። ሲስተሙ ሦስተኛውን መንካት እስኪተው ድረስ ደጋግማ አረመችው። ባዶ ኮምፒውተር ላይም መጠባበቂያውን መልሳ አየች። ከዚያ ሊሰረዙ የታሰቡትን ስሞች አወጣችና በገበያ ቀን ብልባላ ተወስደው እንዲነበቡ ጠየቀች። የሚያነቡት አቶ ምስክር ራሳቸው ካልሆኑ ግን ሥራዋን እንደምትለቅ ነገረቻቸው።

አነበቡ። በእያንዳንዱ ስም ላይ ቆም ይላሉ። "አለሁ" የሚል ሽማግሌ ከገበያው መካከል ዱላውን ያነሣል፤ "ቆቦ ሄደ እንጂ አልሞተም፣ ለመስቀል ይመጣል" የምትል እናት አለች። ማንም ያልመለሰላቸው ጥቂት ስሞች ቀሩ፤ እነዚያም እስከ መጪው ዘር ድረስ ሳይጠፉ ለብቻ እንዲቀመጡ ሆነ።

ሲመለሱ የማኅበሩ መኪና በባንችይርጋ ማሳ አጠገብ አለፈች። ገብሱ ከጉልበት በላይ ደርሶ ነፋስ ያወዛውዘዋል። አቶ ምስክር መኪናዋን አስቁመው፣ "ይኸው፣ ሁሉም ደኅና ሆነ አይደል? አሁንስ ቁጣሽ በረደ?" አሏት።

ዓይናዲስ ማሳውን እያየች አንድ ነገር ተናገረች። አቶ ምስክር ለመስማት ራሳቸውን ወደ እርሷ ማዘንበል ነበረባቸው።

"ይህ ማሳ ጦም ሊያድር ነበር" ነው ያለችው።