የሎሚው መካሪ

እህቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ክር የምትበጥሰው በፊት ጥርሶቿ ነበር። ኢንተርኔት ላይ አንድ ሰውዬ «ጥርስ በሎሚና በጨው ሲታሽ ይነጣል» ሲል ሰምታ ጠዋት ጠዋት ታሽ ነበር። ጥርሶቿ ሳስተው ቀዝቃዛ ውሃ እንኳ እንደ መርፌ ይወጋት ጀመር። ሐኪሙ የተበላው የጥርስ ሽፋን ተመልሶ እንደማይመጣ ሲነግራት፣ «ያንን ሰውዬ ፈጣሪ እጄ ላይ ይጣልልኝ!» አለች።

ጣለላት። አንድ ቀን እኔም አብሬያት ሳለሁ ሰውዬው ራሱ «ይሄን ሱሪ አሳጥሪልኝ» እያለ ሱቋ ገባ። ድምፁን ለየችውና ስልኬን ከፍቼ እንድቀርጸው ጠቀሰችኝ። ከምሳችን የተረፈውን ሎሚ ቆርጣ ጨው ነሰነሰችበት፤ አፉ ድረስም አቀረበችለት።

«እንካ ወንድሜ፣ እስቲ ጥርስህን አሽተህ አሳየን።»

«ምን ነካሽ እትዬ? ጥርሴን ላበላሽ ነው እንዴ?»

«ለሰው ጥርስ ሲሆን ግን መድኃኒት ነው፣ አይደል?»

ሱሪውን እንኳ ሳይዝ ወጣ። የቀረጽኩትን ኢንተርኔት ላይ ከምክሩ ሥር ለጠፍነው፤ የአገሩ ሰው ሲስቅበት ምክሩን አጠፋው። ተመስገን፣ ከእንግዲህ በእሱ የሚታለል አይኖርም።

«በቃ ይቅር በይው» አልኳት።

«ፈጣሪ ይቅር ይበለው፤ የእኔ አንጀት ገና አልራሰም» አለችና ለገባችው ደንበኛ ቪዲዮውን ከፈተችላት።