የተሰረቀችው ጤና አዳም

«እማማ፣ ያን የጤና አዳሙን ነገር ይንገሩን» እያሉ ልጆቹ እረፍት ቢነሱኝ ይኸው ጀመርሁ። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ አንዷ የልጅ ልጄ ትጻፈው፣ እኔ ልናገር። መንገድ ከሳትሁ ትመልሰኝ።

ጣሊያን ቡሬ ላይ በሰፈረ ጊዜ አዲስ ሙሽራ ነበርሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ አንዲት ጓሮ ተሰጠችኝ፤ ዳሯ ጌሾ፣ መካከሏ ጎመን። ጌሾዋን የተከሉት የባሌ አያት ናቸው። እሳቸው እንዲያውም አንድ ጊዜ በጌሾ ወሰን ተጣልተው ዳኛ ፊት... አዎ፣ አዎ፣ ተመለስሁ። ጎመኔን ትል ፈጀብኝ። አመድ ነሰነስሁበት፤ ትሉ አመዱን እንደ አዋዜ እያጠቀሰ የሚበላ ይመስል ባሰበት። አማቴ ቅጠሉን ወደ ብርሃን አንስተው በቀዳዳው እያዩኝ «ሙሽሪት፣ ይኼ ጎመን ነው ወንፊት? ለጾሙ ዱቄት ልንነፋበት ነው?» አሉኝ።

መድኃኒቱን ሁሉም ያውቀዋል፤ በጎመኑ መካከል ጤና አዳም መትከል ነው። ሽታው ቢራቢሮዋን ያርቃታል፤ እሷ እንቁላል ካልጣለች ትሉ ከየት ይመጣል? አንዴ ሥር ከያዘ ደግሞ ዓመት ከዓመት አይጠፋም። ችግሩ ማግኘቱ ነው። በኛ ሰፈር ጤና አዳም በስጦታ ከሄደ ይደርቃል፣ ካልሰረቁት አይጸድቅም ይባል ነበር። ስለዚህ የሰፈሩ ሴት ሁሉ እርስ በርሷ ስትሰራረቅ ትኖራለች። ወግም አለው፤ ሌባዋ ስትገባ ባለቤቲቱ ጀርባዋን ሰጥታ ትስላለች። «አላየሁሽም፣ ቶሎ በይ» ማለቷ ነው።

ትልቁ ጤና አዳም የጎረቤቴ ነበር፤ እትዬ እያልሁ የምጠራቸው ምላሰኛ ባልቴት። አንድ ጠዋት አጥራቸውን ሾልኬ ገባሁ። እትዬ አዩኝ፤ ዞሩ፤ ሳሉ። ቅርንጫፏን ቀንጥሼ በመቀነቴ ስሸጉጥ አንድ ለጣሊያን ያደረ አስካሪ ወታደር በመንገድ ሲያልፍ አየኝ። አሮጊት እየተዘረፈች መስሎት ዘልሎ እጄን ያዘ።

«ሌባ!»

«ልቀቃት! ምን አገባህ፣ ትስረቅ!» አሉ እትዬ።

በዚያ ሰሞን ጣሊያኑ ሹም የበቅሎዎቹ ገብስ እየጠፋበት «የሰረቀ ይገረፋል» ብሎ አሳውጆ ነበር። ሁለታችንንም ድንኳኑ ደጅ ወሰዱን። ሹሙ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ አጠገቡ በዘይት ጣሳ የተተከለች፣ ከመጠጡ የሚጨምራት ጤና አዳም አለች። አስተርጓሚው የዚያው የቡሬ ዙሪያ ሰው ነው።

«ይህች ሴት ሰርቃዎት ነው ወይስ ሰጥተዋት?» ብሎ ጠየቀ።

«ሰርቃኝ! ምን በወጣኝ እሰጣታለሁ!» አሉ እትዬ።

«አንቺስ?»

«ሰርቄያለሁ ጌታዬ። እሳቸው ምንም አልሰጡኝም፤ ደግ ሴት ናቸው።»

ሹሙ እኔን አየ፣ እሳቸውን አየ። ተበዳይዋ የሌባዋን ነጠላ እያስተካከሉ ነበር።

«እንግዲያው ትገረፍ ነው የሚሉት?»

«ምን አጥፍታ ትገረፋለች?»

«ሰርቃለቻ!»

«እህሳ፣ ጎበዝ ልጅ ናት!»

አስተርጓሚው በላብ ተጠመቀ። ዝቅ ብሎ «እትዬ፣ እባክዎ፣ ሰጥቻታለሁ ይበሉና ትለቀቅ» አላቸው።

«አንተ የባላገር ልጅ አይደለህ? እንዲያ ካልሁ ጎመኗ አለቀለት አይደል?»

አለንጋው መጣ። እኔ መቀነቴን በሁለት እጄ እንደያዝሁ ነኝ። እትዬ አለንጋውን አዩ፣ መቀነቴን አዩ። ዓይናቸውን ጨፈኑና መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ሆነው «ሰጥቻታለሁ» አሉ።

ተለቀቅን። እንደ ለቅሶ ተመላሽ አንገታችንን ደፍተን ሄድን። ላመሰግናቸው አፌን ብከፍት «ዝም በይ፣ ሙሽሪት! ጭራሽ በምስጋና ልታደርቂያት ነው?» ብለው ተቆጡኝ።

ለወጉ ያህል ተከልኋት። በነጋታው ጠወለገች። እኔ ተስፋ ቆርጬ ጓሮውን ሳልረግጥ ሰነበትሁ፤ ስመለስ ቀና ብላ አገኘኋት! ክረምቱ ሲገባ ቁጥቋጦ ሆነች፤ ትሉም ሸሸ። አማቴ ጎመኑን ወደ ብርሃን ቢያነሱ ምንም ቀዳዳ ስላጡበት ቅር አላቸው። እኔም «የተሰጠም ይጸድቃል ለካ!» እያልሁ ለሴቱ ሁሉ አወራሁ። እትዬ ይህን ሲሰሙ ይስላሉ። ጉንፋን ነው እል ነበር።

ጣሊያን ከወጣ፣ እትዬም ካረፉ ከብዙ ዓመት በኋላ ፍኖተ ሰላም ገበያ ላይ ያን አስተርጓሚ አገኘሁት፤ ሸብቷል። ገና ሲያየኝ ሳቁ መጣ። ያን ጊዜ በማግስቱ እትዬ እንቁላል የሚሸጡ መስለው ጦር ሰፈሩ ገብተው፣ ከሹሙ የዘይት ጣሳ ላይ ቅርንጫፍ ቀንጥሰው በመቀነታቸው ሲሸጉጡ አይቷቸው ኖሯል። የእኔን ጠውላጋ ነቅለው የተከሉልኝ እሷን ነበር።

«ታዲያ አንተ ምን አደረግህ?» አልሁት።

«ምን አደርጋለሁ? ጀርባዬን ሰጥቼ ሳልሁ» አለኝ።