የአቶ ዱሼክ እሺታ

እዚህ ብሬነር ከተማ ያለው የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ስሠራ ዘመን አልፏል። አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አጎርሳለሁ። አፌ ግን አያርፍም። አለቃዬ «ትሪሽ፣ እጅሽ ወርቅ ነው፣ ምላስሽ ግን አንድ ቀን ያስባርርሻል» ትለኛለች። ታባርረኝ እስቲ! በነብራስካ ክረምት ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ተነስቶ የሽማግሌ ካልሲ የሚቀይር ሰው ከየት እንደምታመጣ አያታለሁ።

ኦፓል ራትሊፍ የመጣችው ቅጠሉ መቅላት ሲጀምር፣ አንድ ሐሙስ ከምሳ በኋላ ነው። ቀጭን ሴት ናት፣ ስድሳውን ያለፈች፣ የወንድ ጃኬት ለብሳለች። በር ላይ ቆማ ጫማዋን ትጠርጋለች፣ ትጠርጋለች፣ አልጨርስ አለች።

«ግቢ እንጂ! ምንጣፉን ልትጨርሺው ነው እንዴ?» አልኳት።

«አቶ ኤመት ዱሼክ እዚህ ናቸው?»

ደነገጥኩ። አቶ ዱሼክን ሰው ጠይቋቸው አያውቅማ። አንድ ልጅ አላቸው፣ አላስካ ነው፣ ለገና ካርድ ይልካል፤ እሱኑም አንብቤ የምነግራቸው እኔ ነኝ።

«ምናቸው ነሽ?»

«ምናቸውም አይደለሁም። ቤታችን በአጥር ይገናኛል። የመጣሁት ስለ ዶሮ ነው።»

ታሪኩን በኋላ ነው ያጫወተችኝ፣ ጓሮ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለን። ኦፓል የሚዙሪ ኮረብታ ሰው ናት። ባሏ ሞተ፣ እርሻው ለሌላ ተላለፈ፣ ወዲያው ደግሞ እዚህ ብሬነር የነበረችው እህቷ ሞታ ቤቷን ተወችላት። እሷም ዕቃዋን ጭና መጣች። ስድስት ዶሮዎቿን ግን ሮይስ የሚባል የድሮ ጎረቤቷ ዘንድ አደራ ትታ ነው የመጣችው። ከእናቷ ዶሮዎች ሲዋለዱ የመጡ፣ ጥቁር ሆነው ነጭ ነጠብጣብ ያለባቸው፣ ገበያ ወጥተሽ የማታገኚያቸው ዶሮዎች ናቸው። ከግዛት ወደ ግዛት ለማሻገር ሐኪም አይቷቸው፣ ደማቸው ተመርምሮ ጤነኛ ናቸው መባል ነበረባቸው። ያንን አስደረገች። የቀራት የከተማው ፈቃድ ነው።

ማዘጋጃ ቤት ያለችው ልጅ እንዲህ አለቻት፤ ስድስት ዶሮ ይፈቀዳል፣ አውራ ክልክል ነው፣ ቤታቸው ከሰው መስኮት ራቅ ይበል። ደግሞ አጥር የሚያዋስኑሽ ሁሉ እሺ ማለት አለባቸው፣ አንድ ሰው እንቢ ካለ አለቀ።

«እኛ አገር ዶሮ ለማርባት የምታስፈቅጂው ቀበሮን ብቻ ነው» አለችኝ ኦፓል። እኔ ሳቅሁ፣ እሷ አልሳቀችም።

በግራ በኩል ያለው ጎረቤት ከስልኩ ቀና ሳይል «እሺ» አላት። በቀኝ ያሉት ወጣት ባልና ሚስት «እሺ፣ እሺ» ብለው በሩን ዘጉ። ስሟን የጠየቃት የለም። «ብሬነር ከመጣሁ ጀምሮ ከሰው ጋር ያወራሁት ይሄው ነው» አለችኝ። «ሬዲዮው የአየሩን ሁኔታ ሲናገር እመልስለታለሁ፣ ትሪሽ። ዶሮዎቼ ቢኖሩ እኮ ጠዋት የምነሳበት ምክንያት ይኖረኛል።» የቀረው በስተኋላ ያለው፣ ሣር የዋጠው ባዶ ቤት ነበር። የአቶ ዱሼክ ቤት ማለት ነው።

ታዲያ ይዣት ገባሁ። አቶ ዱሼክ ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው። ሊጸልይላቸው በመጣ ቄስ ላይ ነጠላ ጫማ የወረወሩ ሰው ናቸው። ጉዳይዋን ነገረቻቸው። ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«ዶሮ ይሸታል» አሉ።

«ቤታቸውን በየቀኑ ነው የማጸዳው፣ አቶ ዱሼክ። ደግሞ እርስዎ እዚያ የሉም።»

«እኔ ባልኖርም አፍንጫዬ እዚያው ነው። ላስብበት። የሚቀጥለው ሐሙስ ነይ።»

በሐሙሱ መጣች። የዶሮዎቹ መልክ ምን ዓይነት እንደሆነ ጠየቋት። በሚቀጥለው ሐሙስ ቤታቸው በየት በኩል እንደሚሠራ። በሚቀጥለው ደግሞ የእያንዳንዷን ጠባይ አንድ በአንድ እንድትነግራቸው። ነገረቻቸው፤ አንዷ ነገረኛ፣ አንዷ ፈሪ፣ አንዷ ትከሻ ላይ ካልወጣሁ የምትል። አቶ ዱሼክ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እንደ ተማሪ ያዳምጣሉ። ሲመሽ «ገና አልወሰንኩም» ይላሉ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይሉ የለ!

እኔ ሞኝ አይደለሁም። ጢማቸውን ልላጭ ስል እጄን የሚነክሱ ሽማግሌ፣ ሐሙስ ጠዋት ከእኔ ቀድመው ተነስተው «ማበጠሪያዬ የታለ?» ማለት ጀመሩ። አንድ ቀን ሸሚዛቸውን እየቆለፍኩ ለቀቅሁባቸው።

«አቶ ዱሼክ፣ ነውር አይደለም? እሺ ይበሏትና ትገላገል! ሴትዮዋ በናፍቆት ልታልቅ ነው፣ እርስዎ ደግሞ ይጫወቱባታል።»

«እሺ ካልኳት» አሉ መስኮቱን እያዩ፣ «ተመልሳ ትመጣለች?»

ቁልፉን ጨርሼ ወጣሁ።

ነገሩ ግን ከንክኗቸው ኖሯል። በማግስቱ ሐሙስ ነበር፤ ቁርሳቸውን ሳይነኩ ስልክ አቀብይኝ አሉኝ፣ ማዘጋጃ ቤት ደወሉ። «ዱሼክ ነኝ። የዶሮዋን ሴትዮ እሺ ብያታለሁ» አሉና ጆሮዋ ላይ ዘጉባት። ከዚያ ክራባት ካላሰርሽልኝ ብለው አስቸገሩኝ። ለልጃቸው ሠርግ የገዙት ክራባት ነው።

ኦፓል መጣች። ገና ከበሩ ሳያት ዓይኗ አብጧል። ኮሪደሩ ላይ ያዝኳት።

«ሮይስ ትናንት ደወለ» አለች። «የወፍ ጉንፋን ገብቷል አሉ። መጀመሪያ ከሰፈሩ በላይ ያለው ትልቁ የዶሮ እርባታ ውስጥ ገባ፣ ቀጥሎ የእሱ ግቢ ውስጥ። የመንግሥት ሰዎች ነጭ ልብስ ለብሰው መጥተው ሁሉንም ጨረሷቸው። የኔንም። አንዲት እንኳ አላስቀሩም።»

«ወይኔ ኦፓል!»

«የእናቴ ነበሩ እኮ። ከዚያ ቤት የቀሩኝ እነሱ ነበሩ።»

ደሜ ፈላ። «ነይ እንንገራቸው! ከወር በፊት እሺ ቢሉ ኖሮ ዛሬ ጓሮሽ ውስጥ ይጭሩ ነበር! የሳቸው ሥራ ነው!»

ክንዴን ያዘችኝ፤ እጇ ጠንካራ ነው። «እንዳትነግሪያቸው። ሆድ ይፍጀው።»

ገባን። ሽማግሌው በክራባታቸው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው በርቷል። «ደወልኩ! እሺ ብያለሁ! ሂጂ አምጫቸው!»

ኦፓል የአልጋውን ብረት ጨበጠች። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አቶ ዱሼክ» አለች።

ትንሽ ቆይቶ ደስታቸው ከፊታቸው ወረደ። «እንግዲህ ዶሮ ሥራ ነው፤ ይበዛብሻል» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ከእንግዲህ ሐሙስ ሐሙስ አይመችሽም።»

«እንቁላል አመጣልዎታለሁ» አለች። ከአፏ አመለጣት። እሷም እኔም ደነገጥን።

ያለችውንም አደረገች። በሚቀጥለው ሐሙስ ከሱቅ ቡናማ እንቁላል ገዝታ፣ ቀቅላ፣ በፎጣ ጠቅልላ መጣች። በየሳምንቱ አንድ አንድ። አቶ ዱሼክ በጨው ይበላሉ፣ ስለ ዶሮዎቹም ይጠይቃሉ። «ነገረኛዋ እንዴት ናት?» ሲሏት «ትናንት ከፈሪዋ ጋር ተጣልታ ዋለች» ትላለች። አቤት ስትዋሽ! ዓይኗ መሬት መሬት ያያል። እዚያች በር ላይ ቆሜ ምላሴን ነክሼ የቀረሁበትን ሐሙስ እኔ ነኝ የማውቀው። አንዳንድ ቀን ከመጦሪያው ስትወጣ በመስኮት አያታለሁ፤ ወደ ቤቷ አትቸኩልም። መኪናዋ ውስጥ ሞተሩን ሳታስነሳ ቁጭ ትላለች።

ከገና በኋላ ያ ትልቁ በረዶ ጣለ። መንገዱ ተዘጋ፣ ግማሾቹ ሠራተኞች ከሥራ ቀሩ። ሐሙስ ነበር። አቶ ዱሼክ ክራባታቸውን አስረው ከመስኮቱ አልነቀል አሉ። «ዛሬስ አትመጣም፣ ይረፉ» አልኳቸው። አልሰሙኝም። ከቀትር በኋላ ኦፓል እስከ ጉልበቷ በረዶ እየረገጠች በእግሯ ከተፍ አለች። እንቁላሉን ከብብቷ አወጣች፤ እንዳይቀዘቅዝ ብላ ነው።

አቶ ዱሼክ ተቀበሏት፣ ግን አልላጡትም። በእጃቸው ያገላብጡታል።

«ኦፓል፣ እኔ ያደግሁት ዶሮ ቤት ውስጥ ነው» አሉ። «ቦታ የቀየረች ዶሮ እስክትለምድ ድረስ እንቁላል አትጥልም። በዚህ ጨለማ ወር ደግሞ ጭራሽ አትጥልም። አንቺ ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምረሽ ይኸው ታመጫለሽ።»

ኦፓል ከጃኬቷ ላይ በረዶውን አራገፈች።

«ታዲያ እያወቁ ነበር የሚበሉት?» ብዬ ጣልቃ ገባሁ። ምን ላድርግ፣ አልቻልኩም።

«ከጠየቅኳት ትቀራለች ብዬ ፈራሁ» አሉ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። «ዶሮዎቹ የት ናቸው?»

«ሞቱ።»

«መቼ?»

«እሺ ከማለትዎ በፊት በነበረው ቀን ነው የሰማሁት።»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። «በኔ ነው?» አሉ።

እንዲያው ለይሉኝታ ስትል «አይደለም» ትላቸዋለች ብዬ ጠበቅሁ። እኔ ብሆን እላቸው ነበር።

«አዎ» አለች። «በእርስዎ ነው።»

እንቁላሉን ሳህኑ ላይ አስቀመጡት። «ታዲያ ለምን ትመጫለሽ? ይህን እያወቅሽ፣ በዚህ በረዶ፣ እኔን ብለሽ ለምን ትመጫለሽ?»

ኦፓል ወንበር ስባ ተቀመጠች። እንቁላሉን አነሳች፣ ሳህኑ ጠርዝ ላይ መታችው፣ ትልጠው ጀመር።

«ሌላ ወዴት ልሂድ?» አለች።

ልጣጩን በመዳፏ ሰበሰበች። ለሁለት ቆረሰችው፣ ጨው ነሰነሰችበት፣ ግማሹን ለአቶ ዱሼክ ሰጠቻቸው፣ ግማሹን ራሷ በላችው።