ገጽ አሥራ አራት

መምህሩ ሃያ ሁለት ዓመት ሒሳብ አስተምሯል። ለታናሽ እህቱ መደመርና መቀነስን ያስጨበጣት እሱ ነው። አሁን እሷ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሆናለች፤ እሱ እዚያው የተሰነጠቀው ሰሌዳ ፊት ቆሟል። ሰዎች "የዶክተሯ ወንድም" ብለው ሲያስተዋውቁት ፈገግ ይላል፣ አንጀቱ ግን ያርራል።

አንድ ቀን ረቂቋን ይዛ መጣችና እንዲያይላት ለመነችው። የጻፈችው መረጃ ስለሚያጠፉ ስሌቶች ነበር። ሦስትም ሆነ ነጌቲቭ ሦስት በራሱ ሲባዛ ዘጠኝ ነው፤ ዘጠኙን ብቻ ያየ ሰው ከየትኛው እንደመጣ አያውቅም። ጥላም የዕቃውን ውፍረት ይውጣል። ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ ከተቀላቀለ በኋላም ለብ ያለውን ነክቶ የሁለቱን የቀድሞ ሙቀት የሚናገር የለም። እህቱ ይህን ሁሉ በአንድ ሕግ ልታስር ተነስታለች። "እኔስ ምን ነክቶኝ ነው ያላሰብኩት?" እያለ ተንገበገበ።

ገጽ አሥራ አራት ላይ ቀጥ አለ። "ስሌቱ መድረሻውን ሁሉ ከሞላ ምንም አላጠፋም" ትላለች። ለሃያ ተማሪና ለሃያ ወንበር እውነት ነው፤ ወንበሩ ሁሉ ከተያዘ ቆሞ የቀረ ተማሪ የለም። ማለቂያ በሌለው ሰልፍ ግን ፊተኛው ወጥቶ ሌላው ሁሉ አንድ አንድ እርምጃ ቢጠጋ፣ ቦታው ሁሉ ይሞላል፤ አንድ ሰው ግን የለም።

ደስ አለው። ማፈሩ የመጣው ቆይቶ ነው። ረቂቁን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ ሳምንት ሙሉ ዝም አለ፤ ስትደውልለትም ፈተና እያረመ እንደሆነ ነገራት።

ጥናቷን በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ልታቀርብ አንድ ቀን ሲቀራት መምህራን ክፍል ድረስ መጣች።

"ጋሼ፣ አንተ ካላየኸው አላቀርበውም" አለችው።

ሊዋሽ ይችል ነበር። አፉ አልታዘዘለትም።

"ገጽ አሥራ አራት ላይ ተሳስተሻል። ካየሁት ሳምንት ሆነኝ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"ቀናሁብሽ።"

"እስቲ አሳየኝ" አለችው። ከዚያ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች፤ እስኪመሽ አብረው አረሙት። ሕጉን ውስን ለሆነው ብቻ አደረገችው፤ ማለቂያ ለሌለው አዲስ ምዕራፍ ጨመረች።

በማግስቱ አዳራሹ ከሁሉ አስበልጦ ያደነቀው ያንኑ ምዕራፍ ነበር። ስህተቱን ያገኘው ወንድሟ መሆኑን ተናገረች። እሱም አጨበጨበ፤ ጭብጨባው ለእሷ መሆኑ ግን እንደገና አንገበገበው።

ቀጣዩን ጽሑፍ አብረው እየጻፉ ነው። እሷ ስማችን በፊደል ተራ ይሁን ትላለች፣ እሱ በዕድሜ ይሁን ይላል። እስካሁን አልተስማሙም።